አባቴ ያልቀመሱት በርገር

ይህን ጉዞ መጻፍ ይገባኛል ወይ እያልኩ ብዙ ጊዜ አመንትቻለሁ። ከወገዳ ተነስቶ ንፋስ መውጫ ድረስ የሄደ፣ አንድ ምግብ ቤት ገብቶ የወጣና ወደ ቤቱ የተመለሰ ሰው ምን የሚያወራው አለው? ኢየሩሳሌም ተሳልመው የመጡ ጎረቤቶቻችን እንኳ አንድ ገጽ አልጻፉም። እኔ ደግሞ ገና የአንደኛ ዓመት ተማሪ ነኝ፤ የሩቅ አገር አላየሁም።

ግን ወሬው በየአፉ እየተለወጠ አስቸገረኝ። አንዱ "ቄስ ታረቀኝ ሆቴል ውስጥ ቅዳሴ ቀደሱ" ይላል። ሌላው "የሰው ምግብ ቀምተው አደሉ" ይላል። ወፍጮ ቤት ወረፋ ስጠብቅ ደግሞ አንዲት ሴት "አስተናጋጇን በመስቀል መቷት" ስትል ሰማሁ። ቄስ ታረቀኝ አባቴ ናቸው። አብሬያቸው ነበርኩ። ያየሁትን በቅደም ተከተል ብጽፈው፣ ያንን ቤት የማየት ዕድል ለማይገጥመው ሰው ቢያንስ እውነቱ ይደርሰዋል ብዬ ጀመርኩት።

የጉዞው ምክንያት ታላቅ እህቴ ሙሉ ናት። ሙሉ ወገዳ ጤና ጣቢያ ትሠራለች። ንፋስ መውጫ ስትማር ይታያል ከሚባል የእስቴ ልጅ ጋር ተዋወቀች። ይታያል ባሕር ዳር ትልቅ ሆቴል ውስጥ ምግብ ሥራ ተምሮ መጥቶ፣ ንፋስ መውጫ አዲስ በተከፈተ የበርገር ቤት ሼፍ ሆኗል። በጥቅምት መጀመሪያ ሽማግሌ ላከ። ሽማግሌዎቹ እንደ ወጉ በራፋችን ላይ ዱላቸውን ተደግፈው ቆሙ። እናቴ ያሰናዳችው ማዕድ ቀርቦ ነበር፤ "ጥያቄያችን ሳይመለስ አንቀመጥም፣ እህልም አንቀምስም" አሉ። አባቴ "አስቤበት እመልሳለሁ" አሏቸው። ማዕዱ ሳይነካ ቀረ፣ ሽማግሌዎቹም ወደ እስቴ ተመለሱ።

ይህን ወግ የማያውቅ ካለ ላስረዳ። በእኛ አገር ጠያቂ ቃል ሳያገኝ አይቀምስም። የልጅቱም አባት እንዲሁ ነው፤ የጠያቂውን እህል ከቀመሰ ልጁን ሰጥቷል። "አልሰጠሁም" ቢል የሚሰማው የለም።

አባቴ ያመነቱት በሰፈሩ እንደሚወራው ወንድ ልጅ ምድጃ ሥር ዋለ ብለው አልነበረም። ሰዎች "ወጥ ሠሪ አማች ሊያመጡ ነው" ሲሉ ሰምተው፣ "እኔ ዲያቆን ሳለሁ ለቅዳሴው ኅብስት ስጋግር ኖሬያለሁ፤ ወንድ ጋገረ ብላችሁ አታስፈራሩኝ" ብለዋል። የሚያሳስባቸው ሌላ ነው። "እህል ሸጦ የሚያድር ሰው፣ ሳይሸጥ መስጠት ይረሳ ይሆን? የሙሉ ቤት እንግዳ የሚገባበት ቤት መሆን አለበት። ሄጄ ሳላይ ቃል አልሰጥም" አሉ። ይታያል እሳቸውንም እኔንም በመልክ አያውቀንም። እኔ የተመረጥኩት ገና የዩኒቨርሲቲ ጥሪ እየጠበቅሁ ቤት ስለተቀመጥኩና የከተማ ምግብ ስም ማንበብ ትችላለች ስለተባለ ነው።

ሰኞ

ሙሉ እስከ መናኸሪያ ሸኘችን። አባቴ ከሾፌሩ ጋር ሲነጋገሩ ወደ ጆሮዬ ተጠጋች።

"ፍሬ፣ አደራሽን።"

"ምን ላድርግ?"

"እንዲቀምሱ አድርጊ። አንድ ጊዜ ከቀመሱ አለቀ።"

"እምቢ ካሉስ?"

"እምቢ ካሉማ እሳቸውን አልፌ አልሄድም። ይኸው ነው።" ነጠላዋን አፏ ላይ ያዘች። "ደግሞ ትልቁን እንዳታዢላቸው። አፋቸው አይበቃውም።"

ሚኒባሱ ውስጥ አባቴ ከፊት ተቀመጡ፤ ቄስ ከኋላ አይቀመጥም። የገባው ሁሉ መስቀል እየተሳለመ ሲያልፍ ብዙ ቆየንና ሾፌሩ "አባ፣ ከመንገዱ ይልቅ በረከቱ አስመሸን" አለ። የወገዳ መንገድ እንደሚታወቀው ነው። አቧራው በመስኮት ገብቶ የሁላችንንም ፀጉር አንድ ዓይነት አደረገው።

አንድ ዳገት ጨርሰን መውረድ ስንጀምር ጎማ ፈነዳ። መለዋወጫው ጎማም አየር አልነበረውም። ረዳቱ ጎማውን በሌላ መኪና ይዞ እስኪመለስ ከመንገዱ ዳር ገብስ የሚያጭዱ ሰዎች ዘንድ ተቀመጥን። አንዲት እናት ማጭዷን ትከሻዋ ላይ አንጠልጥላ መጣችና "መንገደኛ በእርሻችን ዳር ጾሙን አይውልም" ብላ ጠላ ቀዳችልን፤ የተቆላ ገብስም በሰፌድ አቀረበች። አባቴ ባርከው ዘገኑ። ወዴት እንደምንሄድ ስትጠይቀን "ንፋስ መውጫ፣ ምሳ ልንበላ" አልኳት። ሴትየዋ ወደ ሰፌዱ ተመለከተች።

"ምነው? የኔ አልበቃ አለ?"

አጫጆቹ ሳቁ። አባቴም ሳቁ። እኔ አፍሬ አንድ ጭብጥ ጨመርኩ። ገብሱ ከእኛ ቤት ገብስ ይጥማል፤ እኛ እናከርረዋለን፣ እነሱ ለስለስ አድርገው ይቆሉታል።

ጎማው ተሠርቶ ሲመጣ ፀሐይዋ አዘቅዝቃ ነበር። ንፋስ መውጫ እንደማንደርስ ሲታወቅ አባቴ "ቤተ ልሔም እንወርዳለን" አሉ። ቤተ ልሔም በልጅነታቸው ድጓ የተማሩበት ደብር ነው። ከመኪናው ወርደን በእግር ስንሄድ የሚያውቁትን ዛፍ ሁሉ እየጠቆሙ ያሳዩኝ ነበር፤ ግማሹ ተቆርጧል።

ያሳደሩን የኔታ ጥበቡ ናቸው። ከአባቴ ጋር አብረው የተማሩ፣ አሁን እዚያው የሚያስተምሩ ሽማግሌ ናቸው። የሄድንበትን ሲሰሙ መቋሚያቸውን መሬት ላይ መቱ።

"ታረቀኝ! ድጓ በተማርክበት አገር፣ ሥጋ በዳቦ ልትበላ ታልፋለህ?"

"ልበላ አይደለም። ሄጄ ላየው ነው።"

"ሳይበሉ ማየትማ ጾም ነው። ጾም ከሆነ እዚሁ ጹም።"

ባለቤታቸው ትኩስ የገብስ ዳቦ አቀረቡ። የኔታ ባረኩና ቆረሱ። የመጀመሪያው ቁራሽ ወደ ውጭ፣ ጎጆ ውስጥ ወደሚያጠኑት ተማሪዎች ሄደ። ከዚያ ለእኛ ሆነ። ቤታችን ውስጥም አባቴ ሳይቆርሱ ማንም አይበላም፤ ግን ከደጅ ሲጀመር ያየሁት እዚያ ነው። ምክንያቱን ጠየቅሁ።

"አባትሽን ጠይቂው" አሉ የኔታ። "ተማሪ ሳለን የለመንነውን ቁራሽ ሁሉ አንድ ላይ ነበር የምናፈሰው። መንገድ ላይ ብቻውን የበላ ድምፁ ይዘጋል ይባል ነበር። አባትሽ አንድ ቀን ድምፁ ተዘግቶ መጣ።"

"ጉንፋን ነበር" አሉ አባቴ።

"ጉንፋን ነው አለ! እስከ ዛሬም ጉንፋን ነው ይላል!"

አልጋቸውን ለአባቴ ለቀቁ። አባቴ እምቢ ብለው ብዙ ተከራከሩና በመጨረሻ ሁለቱም መደብ ላይ፣ አልጋው ላይ እኔ ተኛን። በእንግድነት የተኛሁበት በጣም የሚያሳፍር አልጋ ነው፤ ግን ሙቀት ነበረው።

ማክሰኞ

ንፋስ መውጫ ስንደርስ ቀትር ሆኖ ነበር። ስሟን ማን እንዳወጣላት አላውቅም፤ አልተሳሳተም። ንፋሱ የአባቴን ጋቢ እንደ ሸራ ነፋው። ከወገዳ ጋር ሳስተያያት መንገዷ ሰፊ ነው፣ ፎቅ አላት፣ ባጃጁም ብዙ ነው፤ ሰው ግን እንደ እኛው ቆሞ ሰላምታ ይጠያየቃል። ባጃጅ ስንገባ የአባቴ ጥምጣም ጣሪያውን ገፋው።

"ወዴት ነው አባ?"

"የበርገር ቤት የሚባለው ጋ።"

ባጃጅ ነጂው ዞረ። "እርስዎ?"

"ምነው፣ ጥርስ የለኝም?"

ቤቱ ያለው አንድ አዲስ ሕንጻ ላይኛው ፎቅ ላይ ነው። ሊፍት አለ፤ አይሠራም። ከደጅ፣ ደረጃው ሥር አንድ በዕድሜ የገፉ ዘበኛ ተቀምጠዋል። መስቀል ተሳለሙና ለአባቴ ወንበራቸውን ሰጡ፣ ትንፋሽ እንዲሰበስቡ። አባቴ ወንበሩ ላይ ሆነው ጠየቋቸው።

"ምግቡ እንዴት ነው? ደህና ነው?"

"ሽታው ደህና ነው አባ። እኛ ምሳ ሽሮ ይሰጡናል፤ ያኛውን አልቀመስኩትም።"

አባቴ እኔን አዩኝ። እኔም ለእህቴ ፈራሁላት።

ላይ ስንወጣ ግድግዳው እስከ ወለሉ ድረስ መስታወት ነው። የጉና ተራራ ጥግ በሩቁ ይታያል። ጠረጴዛዎቹ ከወፍራም ጣውላ የተሠሩ ናቸው፤ በላያቸው ጨርቅ የለም። አምፖሎቹ በረጅም ገመድ እስከ ራስ ድረስ ወርደዋል፤ አባቴ የእኛን ገፋ አድርገው ተቀመጡ። ሰው ነበር፦ በመስኮቱ በኩል የመሥሪያ ቤት ሰዎች የሚመስሉ፣ ወዲህ አንዲት እናት ከሁለት ልጆቿ ጋር፣ ጥግ ላይ ደግሞ ወንድና ሴት ተፋጥጠው። ሁሉም ለየብቻው፣ በየጠረጴዛው። ዘፈን በቀስታ ይሰማል። እኛ አገር ጠላ ቤት እንኳ አዲስ ሰው ሲገባ ሁሉም ቀና ብሎ "እንደምን ዋላችሁ" ይላል፤ እዚህ ማንም ቀና አላለም።

እጅ መታጠቢያው እጅ ሲያስጠጉለት ውሃ የሚያወርድ ዓይነት ነበር። አባቴ እጃቸውን ዘርግተው ጠበቁ። ምንም የለም። እኔም ከጎን ሞከርኩ። አስተናጋጇ ሮጣ መጣች፤ ፈገግታ የማይለያት ወጣት ናት። "ይቅርታ አባ፣ ዛሬ ውሃ የለም" ብላ በጆግ አምጥታ አስታጠበችን። አባቴ "ይህማ እንደ ቤታችን ነው" ብለው ደስ አላቸው።

ጠረጴዛው ላይ ሜኑ የለም። ጥቁር ነጠብጣብ ያለበት አራት ማዕዘን ወረቀት ተለጥፏል። በስልክ ካሜራ ሲነሳ ሜኑው ስልክ ላይ እንደሚመጣ አውቅ ስለነበር፣ ለዚህም ነው የመጣሁት ብዬ በኩራት ስልኬን አወጣሁ። ኔትወርክ አልነበረም። ወደ መስታወቱ ተጠጋሁ፣ ከፍ አደረግኩት፣ ዝቅ አደረግኩት። አባቴ በትዕግሥት ተመለከቱኝ።

"የስልኩ ካልነበበ የሰው አፍ ይነበብ" አሉና አስተናጋጇን ጠሯት። እሷም በቃሏ ወረደችው። ከሁሉ የሚያምረው "የጉና በርገር" የሚባለው ነው አለች፤ የገብስ ዳቦ፣ የበሬ ሥጋ፣ አይብ፣ በቅቤ ቀስ ብሎ የቀላ ሽንኩርት፣ ሰናፍጭ፣ ከጎኑም የጋይንት ድንች ጥብስ። አባቴ የገብስ ዳቦ ሲባል ቅንድባቸውን አነሱ።

"ሥጋው መካከለኛ ይብሰል ወይስ በደንብ?" አለች።

"ልጄ፣ ሥጋ ከበሰለ በሰለ፣ ካልበሰለ ጥሬ ነው። መካከሉ የማን ነው?"

"በደንብ ይሁንልን" አልኳት ቶሎ ብዬ። ሁለት አዘዝኩ። አባቴ አልከለከሉኝም፤ "ሰው ቤት ገብቶ ሳያዝዙ ማየት ስለላ ነው" አሉ።

ሲመጣ ሁለቱም በጣውላ ላይ ነበሩ፣ እንደ ክምር ከፍ ብለው፣ በመሐላቸው ስንጥር ተሰክቶባቸው። ከጎኑ ጥቁር የፕላስቲክ ጓንት። አባቴ ጓንቱን አገላብጠው አዩት።

"ይህ ለምንድን ነው?"

"እጅ እንዳይቆሽሽ ነው አባባ።"

"ታጠብኩ እኮ።"

ሽታው የሽንኩርትና የቅቤ ነበር፤ ከዚያ በታች የገብስ። ዓይኔ ግን አባቴ ላይ ነበር። "ይቅመሱ እንጂ አባባ፣ ሲቀዘቅዝ አይጥምም" አልኩ።

አባቴ ከወንበራቸው ተነሱ። መስቀላቸውን ከኪሳቸው አውጥተው፣ እንደ ቤታችን፣ አቡነ ዘበሰማያት ማለት ጀመሩ። ዝቅ ባለ ድምፅ አይደለም የሚሉት። ልናገር የምፈልገው እውነት ይኸ ነው፤ ቅዳሴ አልነበረም፣ የማዕድ ጸሎት ነው። ያቺ እናት ልጆቿን ክንዳቸውን ይዛ አስነሳቻቸው። ከዚያ በመስኮቱ በኩል ያሉት ሰዎች ተነሱ፤ አንዱ አፉ ሙሉ ስለነበር ማኘኩን አቁሞ ቆመ። ጥግ ያሉት ወንድና ሴትም ተነሱ። ዘፈኑን ማን እንዳጠፋው አላየሁም።

"አሜን" ሲባል የሚቀመጡ መስሎኝ ነበር። አባቴ ግን ቢላዋ ጠየቁ። ስንጥሩን ነቀሉና ሁለቱን በርገሮች በየመሐላቸው፣ ከዚያም እንደገና ቆረሷቸው፤ አይቡ በጣውላው ላይ ፈሰሰ። ጣውላውን ለእኔ ሰጡኝ።

"አዳርሺ።"

"ለማን አባባ?"

"ለሰዉ ነዋ።"

ዕድሜዬን ሙሉ እንደዚያ አፍሬ አላውቅም። አስተናጋጇ ቀድማኝ ደረሰች። "አባ፣ ለእያንዳንዱ ጠረጴዛ የራሱ ይመጣለታል" አለች በትሕትና።

"የራሱማ መች ጠፋ ልጄ። የጋራው ነው የጠፋ።"

ሄድኩ። የመጀመሪያው ጠረጴዛ ላይ ያለው ሰውዬ ይስቅብኛል ብዬ ነበር። በሁለት እጁ ተቀበለ። ቀጥሎ ያለውም እንዲሁ። ያቺ እናት ከእኔ ቁራሽ ተቀብላ፣ የራሷን ሳህን አንስታ ወደ አባቴ ሄደችና "አባ፣ ይህንንም ይባርኩልኝ" አለች። ከዚያ በኋላ አዳራሹ ሌላ ሆነ። በመስኮቱ በኩል ያሉት ድንቻቸውን ወዲህ አሳለፉ። ጥግ ያለው ወጣት ከየት እንደመጣን ጠየቀኝ፣ እናቱ የእኛው የስማዳ ሰው መሆኗን ነገረኝ። እኔ ግን እየዞርኩ የማየው አባቴን ነበር። አንዲት ቁራሽ ፊታቸው ቀርታለች። አልነኳትም።

የኩሽናው በር ተከፈተ። ነጭ ለብሶ፣ ቆብ አድርጎ፣ እጁን በፎጣ እያደረቀ አንድ ቀጭን ሰው ወጣ። ስሙ በደረቱ ላይ ተጽፏል፦ ይታያል። ምግቡን ማን እንደቆራረጠው ለማየት ነበር የወጣው። አባቴን ሲያይ ቆቡን አወለቀና መስቀል ተሳለመ።

"የእጅህ ሥራ ነው?" አሉት።

"አዎን አባ።"

"ዳቦውንስ?"

"እኔው ነኝ። የእናቴ አጋገር ነው፤ ሰው እንዲህ ይወደዋል ብዬ አልነበረም።"

"ለሁሉም አልተዳረሰም። እታች በሩ ላይ አንድ ሰው አለ። ኩሽናም ሰው ይኖራል።"

ይታያል ወደ ኩሽናው ዞሮ አየ። "ቤቱ የእኔ አይደለም አባ፤ የቤቱን ማደል አልችልም" አለ። አባቴ ራሳቸውን ነቀነቁ፣ የጠበቁትን የሰሙ ይመስል። ይታያል ግን አልጨረሰም። "ምሳዬ ግን የእኔ ነው። ይቆዩኝ" ብሎ ገባ። ሲመለስ አንድ ትንሽ የገብስ ዳቦ በጨርቅ ጠቅልሎ ይዟል፤ ለራሱ የጋገረው ነው። ከኋላው የኩሽና ሠራተኞች ተከትለውት ወጡ። አባቴ ባረኩለት። ይታያል ራሱ ቆረሰ። የመጀመሪያውን ቁራሽ ይዞ ደረጃውን ወረደ።

ከመስታወቱ ሆነን አየነው። ዘበኛው ሊነሱ ሲሉ ትከሻቸውን ይዞ አስቀመጣቸው፣ ጎንበስ ብሎ በሁለት እጁ ሰጣቸው። ከዚያም ወዲያው አልተመለሰም፤ እስኪበሉ ድረስ ቆሞ ያወራቸው ነበር። አባቴ ግንባራቸውን መስታወቱ ላይ አድርገው ይመለከቱ ነበር። ምን እንዳሰቡ አልነገሩኝም።

ሲመለስ የቀረውን ዳቦ የኩሽናው ሰዎች ተካፍለውት የሁሉም እጅ ባዶ ነበር፤ የአባቴ ቁራሽ ብቻ ጠረጴዛው ላይ ቀርታለች።

"አባ፣ እርስዎስ? አልቀመሱም።"

"ይቆየኝ" አሉ። "ቤት እወስደዋለሁ። የሚጠቀለልበት ነገር ካለህ።"

ይታያል ቁራሹን አየ፣ ከዚያ አባቴን። ቀጥሎ እኔን አየኝ፤ ከሙሉ ጋር በግንባር እንመሳሰላለን ይላሉ። የእስቴ ልጅ ነው፤ ሽማግሌዎቹ ቤታችን ሳይቀምሱ እንደተመለሱ ያውቃል። የሁሉን ባርኮ ሰጥቶ የራሱን የማይበላ ቄስ ከየት ሊመጣ እንደሚችል ገባው። ጆሮው ሲቀላ አየሁት።

ዝግ ባለ ድምፅ "የወገዳ መንገድ እንዴት ነው አባ? አቧራ አለው?" አለ።

"አቧራ አለው" አሉ አባቴ።

ቁራሹን በካርቶን ሳጥን አድርጎ አመጣና እንደ ተሰባሪ ዕቃ በሁለት እጁ አቀበላቸው።

ያደርነው መናኸሪያው አጠገብ ባለ ትንሽ ቤርጎ ነው። ባለቤቷ ቄስ በብርድ አያድርብኝም ብላ የራሷን ጋቢ ጨመረችልን። አባቴ ሽሮ በሉ። እኔም ሽሮ በላሁ፤ ከበርገሩ የደረሰችኝ አንዲት ቁራሽ ብቻ ነበረች። ስለ ጣዕሟ የሚጠይቁኝ አሉ። መጀመሪያ ሰናፍጩ አፍንጫ ይመታል፣ ቀጥሎ ሽንኩርቱ ጣፋጭ ነው፤ መጨረሻ ላይ ግን ገብሱ ይቀራል፣ ያ የአጫጆቹ ገብስ። ከዚህ በላይ መግለጽ አልችልም።

ረቡዕ

ስንመለስ ሚኒባሱ ጢም ብሎ ሞልቷል። ቀኑ ጾም ነው። ትንሽ እንደሄድን ሾፌሩ በአፍንጫው ሳበ።

"በረቡዕ ምድር ማነው ሥጋ ጭኖብኝ የሚሄድ?"

ተሳፋሪው እርስ በርሱ ተያየ። አንዲት ሴት "እኔ ድንች ነው የያዝኩት" አለች። አንዱ ሌላውን "አንተ ነህ፤ ፊትህ ያስታውቃል" አለው።

"እኔ ነኝ" አሉ አባቴ ከፊት ወንበር።

ከዚያ ረዳቱ "እሳቸውንማ ማን ይናገራቸዋል" ሲል መኪናው በሳቅ ተናወጠ። አባቴም ሳጥኑን ጭናቸው ላይ እንደያዙ "ይዣለሁ እንጂ አልበላሁም፤ ቆጥራችሁ ተቀበሉኝ" አሉ። ቤተ ልሔም መገንጠያ ስናልፍ ወደ ደብሩ አቅጣጫ ተሳለሙ። የኔታ ጥበቡ ይህን ቢያዩ ምን እንደሚሉ አሰብኩ።

"አባባ፣ ለምን አልቀመሱም?" ብዬ ጠየቅኋቸው።

"እናትሽ ሳትቀምስ? ልጅቱን እኔ ብቻዬን አልወለድኳትም።"

ወገዳ ስንደርስ ሙሉ ከሥራ ወጥታ በር ላይ ቆማ ነበር። ሳጥኑን አየች፤ እኔንም አየችኝ። አባቴ ሳጥኑን ለእናቴ ሰጡና "የጠያቂያችን እጅ ሥራ ነው" አሉ። እናቴ ገልጣ አየችው፣ መልሳም ከደነችው። "ረቡዕ ነው" አለች፤ ብርድ ባለበት ጓዳ ከፍ አድርጋ ሰቀለችው። ሙሉ እስኪነጋ ድረስ ወደ ጓዳው ስንት ጊዜ እንደተመለከተች እኔ ነኝ የማውቀው።

ሐሙስ

ጠዋት እናቴ ቁራሹን በሸክላ ላይ አሞቀችው። ሁላችንም ቆመን ነበር፤ አባቴ ብቻ ወደ ደጅ እያዩ ተቀምጠዋል። ቆንጥራ ቀመሰች። አኘከች። ብዙ አኘከች።

"ሽንኩርቱ በዝቷል" አለች።

ሙሉ ዓይኗን ጨፈነች።

"ዳቦው ግን የሰው ዳቦ ነው። እናቱ ደህና ሴት ናት" ብላ ሁለተኛ ቆነጠረች። ቀጥላ ለሙሉ ሰጠቻት፣ ለእኔም። ለአባቴ ስትዘረጋላቸው ግን በእጃቸው መለሷት።

"እኔ የምቀምሰው ከእጁ ነው። ወደ ሽማግሌዎቹ ላኩ፤ ይምጡ።"

ሽማግሌዎቹ መኸሩ ሲገባ ተመልሰው መጡ፤ በዚህኛው ጊዜ ተቀመጡ፣ በሉም። እኔ ከዚያ በፊት ወደ ዩኒቨርሲቲ ስለሄድኩ አላየሁም። ለሰርጉ ግን ፈቃድ ጠይቄ መጣሁ። ሙሽራ በራሱ ሰርግ ኩሽና አይገባም ተብሎ ሁሉም ተቆጥቶ ነበር፤ ይታያል ግን ካባውን አውልቆ ዳሱ ኋላ ገባና አንድ የገብስ ዳቦ በሥጋ ሠርቶ ወጣ። አባቴ ተነሥተው ባረኩት፣ ቆረሱት። የመጀመሪያው ቁራሽ ወደ ደጅ ሄደ። ጣውላውን ይዤ የዞርኩት እኔ ነኝ፤ በዚህኛው ጊዜ አላፈርኩም። ይታያል የመጨረሻዋን ቁራሽ በእጁ ይዞ አባቴ ፊት ቆመ። አባቴ አፋቸውን ከፈቱለት።

ብዙ አኘኩ። ዳሱ በሙሉ ይጠብቃል።

"እንዴት ነው አባባ?" አልኳቸው።

ወደ እናቴ ዞረው "እውነትሽን ነው፤ ሽንኩርቱ በዝቷል" አሉ።

ጥር ሃያ አንድ ቀን ነበር፣ የአስተርእዮ ማርያም ዕለት።